«ዐውሎ» «አውሎ» አይደለም

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ውሃን ከጥሩ የመቅዳቱን ጥቅም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገርን ከሥሩ የመመርመሩን ልማድ ግን በተለይ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እየተውነው ሄደናል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ትንሽ የሚመስል ነገር ይዤ ነው፤ ይኸውም «ዐውሎ» የሚባለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ለመግለጽ ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ወረቀት መፍጀት ለምን አስፈለገ ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ቃሉ ትንሽ ነው፤ በቃሉ አለቦታ መግባት የሚደርሰው ጉዳት ግን ትንሽ አለመሆኑን በገዛ እጄ ከሠራሁት ስሕተት ተምሬአለሁ። ስሕተቴንም በስፍራው እናገራለሁ።

እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በመንግሥት ሥራ ከገባሁ ወዲህ ሥራዬ ከየአውራጃው የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ፥ ማሳጠርና ለበላይ ማቅረብ ነው። ግእዝንም የማውቀው በልጅነቴ በአያቴ ዘንድ ዳዊት በደገምሁበት መጠን ብቻ ነው። ሆኖም ሊቃውንቱ ዝም ሲሉ ስሕተት እየገነነ ስለሚሄድ፥ ያለኝን ያህል ለመናገር ደፈርሁ።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋራ ሻይ ስንጠጣ የዕለቱ ወሬ ስለ ነፋስ ሆነና ክርክር ገባን። አንደኛው ወዳጃችን፥ «አውሎ ነፋስ ማለት ሰውን ከመንገዱ አግዶ የሚያውል ነፋስ ማለት ነው። ‹አዋለ› ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ በ‹አልፋው አ› መጻፍ ይገባዋል» አለ። ሁለተኛው ደግሞ፥ «ይህ ቃል ያረጀ ነው፤ ‹ማዕበል› ካልን ሁሉንም ይጠቀልልልናል፤ ለጆሮም ያምራል» አለ። የቀሩት ለሁለቱም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ቀን ብዙ አልመለስሁም፤ አሁን ግን ለሁለቱም በየተራ መልስ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ የ«አዋለ»ን ነገር እንመልከት። በአማርኛችን «አዋለ» የሚለው ግስ በርግጥ «አውሎ» ይሆናል፤ «እንግዳውን አውሎ አሳደረ» እንላለን። ለጆሮ የሚሰማው ድምፅም ከነፋሱ ስም ጋራ አንድ ነው። ወዳጄን ያታለለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ድምፃቸው ስለ ተመሳሰለ ብቻ የአንድ አባት ልጆች እንደማይሆኑ ሁሉ፥ ሁለት ቃላትም ድምፃቸው ስለ ተመሳሰለ ከአንድ ሥር አይወለዱም። አባታቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አባታቸውም ግእዝ ነው።

የ«ዋለ» ጥንተ ግሱ በግእዝ «ወዐለ» ነው። «መዓልት» የሚለውም ቃል የሚወጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ በዚህ ግስ ውስጥ ዐይኑ «ዐ» የሚገኘው በመካከል ነው። «አዋለ» በግእዝ «አውዐለ» ነው፤ የአማርኛውም «አውሎ» በግእዝ «አውዒሎ» ይሆናል። የነፋሱ ስም ግን በግእዝ መጻሕፍት «ዐውሎ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዐይኑ «ዐ» የቆመው በመነሻው ላይ ነው፤ በመካከሉም ሌላ «ዐ» የለም። ወዳጄ እንዳለው ቢሆን ኖሮ፥ የመካከሉ ፊደል ወደ ፊት ዘልሎ የመነሻውን «አ» አስወግዶ በስፍራው ተቀምጧል ማለት ይሆናል። ይህም በግእዝ ሰዋስው የማይታወቅ አካሄድ ነው።

ሁለተኛም ማስረጃ አለ። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ መዝሙር 148ን ያስታውሳል። በዚያ መዝሙር ፍጥረታት ሁሉ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ሲጠሩ፥ ከእሳትና ከበረዶ ጋራ «መንፈሰ ዐውሎ» ተጠርቷል። በግእዝ «መንፈስ» ነፋስም ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እንግዲህ «መንፈሰ ዐውሎ» የሚለው አነጋገር «ቤተ ንጉሥ» እንደሚለው ያለ ዘርፍ ነው፤ ቤቱ የንጉሥ እንደ ሆነ ነፋሱም የዐውሎ ነው። «ንጉሥ» ራሱን የቻለ ስም እንደ ሆነ «ዐውሎ»ም ራሱን የቻለ ስም ነው። ከግስ የተወለደ ቦዝ አንቀጽ በዚህ ስፍራ ዘርፍ ሆኖ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ «ነፋስ» የሚለውን ቃል ሳንጨምር «ዐውሎ ተነሣ» ብንል አልተሳሳትንም፤ ስሙ ምሉእ ነውና።

ሦስተኛው ማስረጃ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ የሚገኝ ነው። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ዐውሎን በዓይኑ አይቶታል። በበጋ ፀሐይ መሬቱ ሲግል፥ ወደ ቀትር ገደማ፥ አቧራና ገለባ እያሽከረከረ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ልጆች ሰይጣን አለበት እየተባሉ ስላደጉ አማትበው ይሸሹታል። እነሱ ሸሽተው ሳይጨርሱም እሱ ይበተናል፤ ዕድሜው በደቂቃ የሚቈጠር ነው። ማንን አግዶ ያውላል? ውሎ የማያውቀውን ነፋስ «የሚያውል» ብሎ መሰየም፥ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን መብረቅ «የሚያሳድር» ብሎ እንደ መሰየም ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ፥ «የሁለቱ ፊደላት ድምፅ ዛሬ አንድ ሆኗል፤ በ‹አ› ቢጻፍ በ‹ዐ› ቢጻፍ ምን ያጐድላል?» ይል ይሆናል። እኔ በየቃሉ ላይ የፊደል ጠብ ማንሣት አልወድም፤ ደብዳቤውን በ«አ» የጻፈውን ጸሐፊ ደመወዙን ይቀጣ አልልም። ነገር ግን የቃልን ሥር እመረምራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ፊደልን ንቆ ሊመረምር አይችልም። ፊደል ምስክር ነው። «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። «ዓመት» የዘመን መቍጠሪያ ነው፤ «አመት» ግን ሴት አገልጋይ ናት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን በአበገደ ተራ አሰልፈው «አ»ንና «ዐ»ን በየስፍራቸው ያስቀመጡት በከንቱ አይደለም። ምስክሩን ከችሎት አስወጥቶ ፍርድ መስጠት ለዳኛ እንደማይገባው ሁሉ፥ ፊደሉን አስወጥቶ የቃልን ዘር መቍጠርም ለተማረ ሰው አይገባውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወዳጄ ልመለስ። በእውነት ለመናገር የሱ ስሕተት ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ነው። የፊተኛው የቃሉን ዘር አሳስቷል እንጂ ቃሉን ከሥራው አላስወጣውም፤ ይህኛው ግን ቃሉን ጡረታ አውጥቶ ሥራውን ሁሉ ለ«ማዕበል» ሊሰጥ ይፈልጋል።

«ማዕበል» የውሃ ነው። እንደ «ማዕተብ» እና እንደ «ማኅደር» በ«ማ» የሚነሣ የግእዝ ስም ሲሆን፥ ትርጉሙ በነፋስ ተገፍቶ የሚነሣ የባሕር ውሃ ነው። «ሞገድ» የሚለው ስም የቅርብ ጎረቤቱ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣችሁ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ተመልከቱ። ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ሳሉ የተነሣው ነፋስ «ዐውሎ» ተብሏል፤ ወደ ታንኳይቱ እየገባ የሞላት ውሃ ደግሞ «ማዕበል» ተብሏል። አንዱ አስነሺ ነው፤ ሁለተኛው ተነሺ ነው። ተርጓሚዎቹ ሁለቱን አላምታቱም። በኢዮብ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር ለኢዮብ የመለሰለት ከዐውሎ ውስጥ ነው፤ ነቢዩ ኤልያስም ወደ ሰማይ የወጣው በዐውሎ ነው። የወዳጄን ምክር ተቀብለን «ኤልያስ በማዕበል ወጣ» ብንል፥ ነቢዩን ወደ ሰማይ ማሳረጋችን ቀርቶ ወደ ባሕር መጣላችን ነው።

በርግጥ በጥንት መጻሕፍት «ማዕበል» የሚለው ቃል ነፋሱንና ውሃውን አንድ ላይ ይዞ የባሕርን መናወጥ ሁሉ የሚያመለክትበት ስፍራ እንዳለ አልክድም። በባሕር ላይ ሁለቱ አብረው ይመጣሉና ስማቸው ቢቀላቀል አያስገርምም። «የሰው ማዕበል» የሚለውንም አነጋገር አልቃወምም፤ ሕዝብ በብዛት ተገፋፍቶ ሲመጣ ሞገድን ይመስላልና ምሳሌው ትክክል ነው። የጣና ባለታንኳ ከደንገል በተሠራች ታንኳው ላይ ሆኖ «ማዕበል መጣ» ቢል ማንም አያርመውም። እኔ የምቃወመው ባሕር በሌለበት፥ ሐይቅ በማይታይበት፥ በተራራ አናት ላይ የነፈሰውን ነፋስ «ማዕበል» ማለትን ነው።

እዚህ ላይ የገባሁትን ቃል ልፈጽምና የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሩቅ ወረዳ አንድ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን የጻፉት የቀበሌው ሰዎች ስለ ነበሩ አማርኛው የገበሬ አማርኛ ነበር። «ወጀብ መጥቶ የቤታችንን ክዳን ገፈፈው፤ ማሽላችንንም አስተኛው፤ ቆርቆሮና ምስማር፥ ለዘርም የሚሆን እህል እንዲሰጠን» ይላል። እኔ ያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ነበርሁ፤ ጽሑፌን ማሳመር እወድ ነበር። «ወጀብ» የሚለው ቃል ለበላይ የሚቀርብ ማስታወሻ ላይ ቢገባ የሚያሳፍር መሰለኝና፥ ሰርዤ «በደረሰው የማዕበል አደጋ» ብዬ ጻፍሁ። ማሽላውንና ክዳኑንም ለማሳጠር ብዬ «በንብረት ላይ ጉዳት» በሚል ቃል ጠቀለልሁት።

ማስታወሻውን ያነበቡት የበላዬ «ማዕበል» የሚለውን ሲያዩ ወንዝ ሞልቶ የፈሰሰ መሰላቸው። ሰውየው አልተሳሳቱም፤ የጻፍሁላቸውን ነው ያነበቡት። ወረቀቱ የጎርፍ ጉዳይ ወደሚመለከተው ክፍል ተመራ። ከዚያም ወንዙ ከቀበሌው ምን ያህል እንደሚርቅ፥ ሰዎቹም ከወንዙ ዳር ለመነሣት ፈቃደኛ እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወጣ። የቀበሌው ሰዎች በተረተር ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ ወንዝ ከእግራቸው በታች በሩቅ ይታያቸዋል እንጂ አይደርስባቸውም። «እኛ የነገርናችሁ ስለ ወጀብ ነው፤ የምትጠይቁን ስለ ወንዝ ነው» ብለው መለሱ። ይህ ሁሉ ደብዳቤ ሲመላለስ ወራት አለፉ። ቆርቆሮው የደረሰው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ የዘሩም እህል ለዚያ ዓመት ሳይጠቅም ቀረ። አንድ ቃል ስላሳመርሁ፥ አንድ ቀበሌ ክረምቱን በተገፈፈ ክዳን ሥር አሳለፈ።

ከዚያ ወዲህ ነው የገበሬውን ቃላት እንደ ሊቅ ቃላት ማክበር የጀመርሁት። እስቲ እንያቸው። ነፋስ ብቻውን እየተሽከረከረ ወይም እጅግ በርትቶ ሲመጣ «ዐውሎ» ነው። ነፋስ የቀላቀለ ኃይለኛ ዝናም ሲመጣ «ወጀብ» ነው። ነፋሱ ዝናሙን አግድም ገፍቶ በበርና በመስኮት ሲያስገባው «ወጨፎ» ነው። ነፋስ ሳይኖር ከላይ ቀጥ ብሎ በብዛት ሲወርድ «ዶፍ» ነው። ሲያንስ «ካፊያ» ነው። ዝናሙ ምድር ላይ ወርዶ ሲሮጥ «ጎርፍ» ነው። እያንዳንዱ ቃል የተለየ ጉዳትና የተለየ መፍትሔ ያመለክታል። ለወጨፎ በርን መዝጋት ይበቃል፤ ለጎርፍ ቦይ መቆፈር ያሻል፤ ለወጀብ ክዳንን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ «ማዕበል» ብለን ብንጠቀልለው ቋንቋችን አያድግም፤ ስድስት ዓይነት መድኃኒት የነበረው ሰው ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ቀላቅሎ ያስቀመጠ ይመስላል።

«ቋንቋ ይለወጣል፤ ለምን ትከለክላለህ?» የሚሉኝም አይጠፉም። ቋንቋ መለወጡ እውነት ነው። የሚጨምር ለውጥ ሲመጣ እኔም እቀበላለሁ። «ሞገድ» የሚለው የግእዝ ቃል ዛሬ ለሬዲዮ ማሰራጫ ሲያገለግል ደስ ይለኛል፤ የባሕሩን ትርጉም ሳይለቅ አዲስ ሥራ አግኝቷልና። የሚቀንስ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ሦስት ነገር ለይተን የምንጠራበትን ሦስት ቃል አጥፍተን በአንድ ቃል ብንቀር፥ ያ ድኽነት ነው እንጂ እድገት አይደለም።

ደግሞም፥ «ዐውሎ የውጭ አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ የቅርብ ዘመን ታሪክ ይመልስለታል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር «ሳጋር» የተባለው ዐውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አልፎ በሶማሌላንድ ጠረፍ ሲያርፍ፥ ዝናሙ በጅቡቲና በምሥራቅ ኢትዮጵያም ጎርፍ አስከትሎ ጉዳት አድርሷል። በዚያው ወር «መኩኑ» የተባለው ዐውሎ በዑማን፥ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደግሞ «ሉባን» የተባለው በየመን በኩል ገብተው በዐረቢያ በረሓ ብዙ ዝናም አወረዱ። በዚያ ርጥበት የተራባው የበረሓ አንበጣ ነው ከየመን እየተሻገረ በ2012 ዓ.ም. የገበሬያችንን እህል የበላው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በባሕሩ ላይ የነበረው ዐውሎ ነው፤ በጠረፉ ላይ የተነሣው ማዕበል ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ጎርፍና አንበጣ ነው። ሁሉንም «ማዕበል» ብሎ የዘገበ ሰው ምክንያቱንና ውጤቱን ለአንባቢው ሊያስረዳ አይችልም።

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። በአሜሪካ አገር ብዙ ወገኖቻችን ዐውሎ በሚበዛበት ጠረፍ ይኖራሉ። በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ወር «ካትሪና» የተባለው ዐውሎ በመታ ጊዜ፥ የኒው ኦርሊንስን ከተማ በዋነኛነት ያጠፋት ነፋሱ ራሱ ሳይሆን ነፋሱ የገፋው ውሃ ነው፤ መከላከያ ግድቦቹ ፈርሰው ከከተማይቱ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተሸፈነ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ አገር የዐውሎ መከታተያ ማእከል ስለ ነፋሱ አንድ፥ ባሕሩ ወደ ምድር ስለ መግባቱ ሌላ ማስጠንቀቂያ ለየብቻው ያወጣል። ለምን ቢሉ፥ ሰው የሚድንበት መንገድ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ከሚሽከረከር ዐውሎ የሚሸሽ ሰው ወደ ምድር ቤት ወይም ወደ ውስጠኛው ክፍል ይወርዳል፤ ከማዕበል የሚሸሽ ግን ወደ ከፍታ ይወጣል። እንግሊዝኛ ለማያውቁ እናቱ ማስጠንቀቂያውን በስልክ የሚተረጕም ልጅ ዐውሎውን «ማዕበል»፥ ማዕበሉን «ዐውሎ» ቢላቸው፥ መውረድ ሲገባቸው ይወጣሉ፤ መውጣት ሲገባቸው ይወርዳሉ። እንግዲህ የቃል ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ አይደለም የሚል ማን ነው?

የባዕዳንን ስሞች በተመለከተ ጠላትነት የለኝም። በአትላንቲክ «ሃሪኬን»፥ በምዕራብ ፓሲፊክ «ታይፉን»፥ በሕንድ ውቅያኖስ «ሳይክሎን» የሚባለው አንድ ዓይነት ዐውሎ ነው፤ ስሙ የሚለየው በባሕሩ ነው። ነገር ግን እነሱ ስሞቹን እንዴት እንዳገኟቸው ብናይ ትምህርት እናገኛለን። «ሃሪኬን» የሚለውን ስፓኛውያን የወሰዱት ከካሪብ ባሕር ደሴቶች ተወላጆች አፍ ነው። «ሳይክሎን» የሚለውን ደግሞ ሄንሪ ፒዲንግተን የተባለ በካልካታ የሚኖር እንግሊዛዊ ከ1840 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከግሪክ ቋንቋ አውጥቶ አስለመደው፤ የእባብን መጠምጠም በማሰብ ነው። ከአገሬው አፍ ለመቀበል አላፈሩም፤ ከጥንት ቋንቋም ለማውጣት አልሰነፉም። እኛ ግን ከአገሬው አፍም ከጥንት ቋንቋም የተገኘ የተዘጋጀ ቃል በእጃችን ሳለ እንጥለዋለን።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። ባለሥልጣኖችና ጸሐፊዎች ሆይ፥ ከገጠር የሚመጣውን ደብዳቤ ስታሳጥሩ የባለጉዳዩን ቃል አትለውጡበት፤ የማይታወቅ ቃል ቢሆን እንኳ ቃሉን ትታችሁ ትርጉሙን ከጎኑ ጻፉለት። መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ የ«ዐውሎ»ን ፊደል ስታስተምሩ ከነሥሩ አስተምሯቸው፤ በዕረፍታቸውም ወደ አያቶቻቸው ልካችሁ የነፋስንና የዝናምን ስም ሁሉ ከነሥራው ለቅመው እንዲመጡ እዘዟቸው። ተማሪዎች ሆይ፥ ቃል ለጆሮ ስላማረ ብቻ አትውደዱት፤ ምን እንደሚያሳይ ጠይቁት። የባሕሩን ዐውሎ በተሰጠው ስም ለመጥራት ስትሹም «ዐውሎ ሳጋር» በሉ፤ ባዕዱም ስም የኛም ቃል ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ።

ይህን ጽሑፌን የሚቃወም ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ማስረጃውን ይዞ በዚሁ መጽሔት ላይ ይምጣ። «ዐውሎ» ከ«አዋለ» መወለዱን ከግእዝ መጻሕፍት ያሳየኝ ቀን ተረትቻለሁ ብዬ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። እስከዚያው ግን በዚያ ተረተር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ይቅርታ እለምናለሁ። እነሱ ቃሉን በትክክል ጽፈውት ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።